ደሴን ደብድቧል የተባለው አውሮፕላን

ጥያቄው የመጣው ደሴ ከምታስተምር የታሪክ መምህርት ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ጋሼ፣ ስለ ኅዳር 26 ቀን 1928ቱ የደሴ ድብደባ ለተማሪዎቼ ትንሽ የፎቶ ዐውደ ርእይ እያዘጋጀሁ ነው። ሁለት የአውሮፕላን ፎቶ አለኝ። አንደኛው በቴሌግራም የሚዞር ነው። ‹ደሴን ከደበደቡት የጣሊያን አውሮፕላኖች አንዱ፣ ቦሩ ሜዳ ላይ ተገዶ ያረፈ› ይላል። ጥርት ያለ ፎቶ ነው፤ ያየው ሁሉ ወዶታል። ሁለተኛው ከአያቴ ሳጥን የወጣ ነው። ተጨማድዷል፣ የክንፉ ጫፍም ተቆርጦ ቀርቷል። አውሮፕላኑ ሦስት ሞተር አለው፤ አንዱ አፍንጫው ላይ ነው። ተማሪዎቼ ‹ይሄማ ፎቶሾፕ ነው› አሉኝ። የትኛውን ልስቀል?»

እህቴ፣ መልሱን ላስቀድም። የአያትሽን ስቀዪ። የቴሌግራሙን ተዪው። የቴሌግራሙ ሞዴል ነው፤ ያውም በዓለም ላይ ኖሮ የማያውቅ አውሮፕላን ሞዴል። የአያትሽ ግን እውነተኛ የጦር አውሮፕላን ነው። አሁን ምክንያቱን ልንገርሽ። ረዘም ይላልና ቡናሽን ይዘሽ ተቀመጪ።

እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት የአውሮፕላን አካል ስጠግን ነው። ላሜራ ስቆርጥና ሪቬት ስመታ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። አሁን ኮምቦልቻ ተቀምጬ ሞዴል አውሮፕላን እሠራለሁ። ስለዚህ ትልቁንም ትንሹንም በእጄ አውቃቸዋለሁ። ሰው ሁለቱን የሚያምታታው ቀለምና ቅርጽ ስለሚያይ ነው። ቀለምና ቅርጽን ጎበዝ ሞዴል ሠሪ አሳምሮ ያመጣዋል። ሊያመጣው የሚቸገረው ክብደትን ነው። እኔም ፎቶ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምፈልገው ክብደትን ነው።

የቴሌግራሙን ፎቶ ጎማ አጉልተሽ እዪው። እንደ ሳንቲም ክብ ነው። መሬቱን የነካው በአንዲት ነጥብ ብቻ ነው። ሥሩ ያለው ሣር እንኳ አልተኛም። በዚያ ጦርነት የመጣብን የጣሊያን ቦምብ ጣይ፣ ካፕሮኒ 133፣ ሙሉ ጭነቱን ሲይዝ ከ6 ቶን በላይ ይመዝናል። ይህን የተሸከመ ጎማ ከታች ጠፍጠፍ፣ ከጎን ቆዘር ይላል። ጭነት የሞላ አይሱዙ ሐረጎን ሲወርድ የኋላ ጎማውን አይተሽ ታውቂያለሽ፤ እንደዚያ ነው። ለስላሳ ሜዳ ላይ ከሆነ ደግሞ ጎማው ይሰምጣል፤ ከኋላው የመጣበትን መስመር ይተዋል። በዚህ ፎቶ ላይ መስመር የለም። አውሮፕላኑ ሜዳው ላይ በእጅ የተቀመጠ ይመስላል። የተቀመጠውም በእጅ ነው።

ልምድ ያለው ሠሪ ይህን ያውቃል። ጎማውን ከታች በሞረድ ይከረክመዋል። ስለዚህ ጎማው ጠፍጣፋ ስለሆነ ብቻ እውነተኛ ነው አትበዪ። ወደ ውፍረቱ እለፊ።

ሞዴል በልክ ተቀንሶ ነው የሚሠራው። በጣም የተለመደው ልክ 1 ለ72 ነው። የካፕሮኒ 133 ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 21 ሜትር ከ24 ሴንቲ ሜትር ነው። በዚህ ልክ 29 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል፤ ከተማሪ ማስመሪያ ትንሽ ያንሳል። ችግሩ ፕላስቲኩ እንደ ልኩ አለመሳሳቱ ነው። የክንፉ የኋላ ጠርዝ ሞዴሉ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በ72 ስታባዢው 36 ሚሊ ሜትር ይመጣል። እውነተኛ ክንፍ ከኋላው እንዲህ አይደነድንም፤ ስስ ነው። የላሜራ መጋጠሚያውም እንደዚሁ ነው። ሞዴሉ ላይ 0.3 ሚሊ ሜትር የሆነች ጭረት በእውነተኛው መጠን ወደ 22 ሚሊ ሜትር ትጠጋለች። ጣት የምትውጥ ስንጥቅ ናት። እንዲህ ያለ መጋጠሚያ ያለው አውሮፕላን ከሐንጋር እንዲወጣ የሚፈርም ተቆጣጣሪ የለም። በፎቶሽ ላይ ግን አካሉ ሁሉ በእንዲህ ያለ መስመር ተከፋፍሏል።

መሬቱንም እዪ። አሸዋ እንደ አውሮፕላኑ አይቀነስም። 1 ሚሊ ሜትር የሆነች አሸዋ በዚህ ልክ ከ7 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ድንጋይ ናት። ፎቶው ላይ ከጎማው አጠገብ ያለው ጠጠር ጡጫ ጡጫ ያህላል። ሜዳው ሁሉ እንደዚያ ነው። ቦሩ ሜዳን እናውቀዋለን፤ እንዲህ አይደለም። ይህን ስሌት ለተማሪዎችሽ ስጪያቸው። ማስመሪያ ይዘው በ72 እያባዙ ራሳቸው ቢደርሱበት ከእኔ ቃል ይልቅ ያምኑታል።

የካሜራው ነገርም አለ። 20 ሜትር የሚያህል ነገር ለማንሣት ወደ ኋላ ራቅ ትያለሽ። ራቅ ብለሽ ስታነሺው ከአፍንጫው እስከ ጭራው ይጠራል። አሁን ደግሞ የሻይ ብርጭቆ በስልክሽ ጠጋ ብለሽ አንሺ። የፊቱ ጠርዝ ጠርቶ ከኋላው ያለው ይደበዝዛል። በፎቶሽ ላይ የቅርቡ ክንፍ ጫፍ ጠርቷል፣ የሩቁ ጭጋግ መስሏል። ካሜራው አጠገቡ ነበረ ማለት ነው። ይህ ምልክት ከተገኘ ጠንካራ ማስረጃ ነው። ካልተገኘ ግን ምንም አያረጋግጥም። ዛሬ ሠሪዎቹ ብዙ ፎቶ አንሥተው የጠራ የጠራውን በኮምፒውተር ያገጣጥሙታል። በጥላም ላይ ብዙ አትድከሚ። አምፖል ሥር የተነሣ ከሆነ ጥላው ይበታተናል። ደጅ ፀሐይ ላይ ከተነሣ ግን የሞዴሉም የእውነተኛውም ጥላ አንድ ነው።

ቡናማ ቀለሙና ጭረቱ ያረጀ ስላስመሰለው አትታለዪ። ያ በስልክ ሁለት ጊዜ በመንካት የሚመጣ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሞዴል መሆኑን ነው። ሞዴል መሆኑ በራሱ ውሸት አያደርገውም። ካፕሮኒ 133ን በሐቅ ሠርቶ፣ «ሞዴል ነው» ብሎ ጽፎ ማሳየት ጥሩ ማስተማሪያ ነው። የዚህኛው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ይህ ከሁለት ከሦስት አውሮፕላን ኪት (ለመገጣጠም ተዘጋጅቶ ከሚሸጥ የሞዴል ዕቃ) ተለቃቅሞ የተገጣጠመ ነው። በሞዴል ሠሪዎች ዘንድ «ቢሆን ኖሮ» ዓይነት ሥራ የታወቀ ነው። አንዳንዱ እውነተኛ አውሮፕላን ወስዶ ያልበረረበትን አገር ምልክት ይለጥፍበታል። አንዳንዱ በወረቀት ተነድፎ የቀረውን ይሠራል፤ ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ነድፈው ያልሠሯቸው ለዚህ ይወደዳሉ። አንዳንዱ ደግሞ ከራሱ ይፈጥራል። እነዚህ ሰዎች አታላዮች አይደሉም። ብዙዎቹ ፈጠራ መሆኑን ይጽፉበታል። ጥፋተኛው ጽሑፉን ቆርጦ ፎቶውን ብቻ ያሰራጨው ሰው ነው። ደሴ ላይ ሰው ያለቀበትን ቀን ሲለጥፍበት ደግሞ ጥፋቱ ይከፋል። በዚያ ቀን ቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የሚሲዮን ሆስፒታል እንኳ አልቀረለትም። በእንዲህ ያለ ቀን ላይ የፈጠራ ፎቶ ከተለጠፈ፣ ነገ አንዱ ይደርስበትና «ድብደባውም ፈጠራ ነው» ይላል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ፈጠራውን የሚያጋልጠው «ይህ ዕቃ ይሠራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ነው። አውሮፕላን የሚሠራ ሰው ለእያንዳንዱ ነገር ምክንያት አለው። የፎቶሽ አውሮፕላን ጎማው ወደ ሞተሩ ቤት የሚታጠፍ ነው፤ በሩ ተከፍቶ ይታያል። ግን ጎማው ከበሩ ይሰፋል። ቢታጠፍ የት ይገባል? ፕሮፔለሩንም እዪ። እንዲህ ጭራው መሬት ላይ የሚቀመጥ አውሮፕላን ለመነሣት ሲንደረደር ጭራውን ያነሣል። ያኔ አፍንጫውና ሞተሮቹ ዝቅ ይላሉ፤ ፕሮፔለሩ ወደ መሬት ይጠጋል። ከፕሮፔለሩ መሐል እስከ ክንዱ ጫፍ ለኪ። ከዚያ ከመሐሉ እስከ መሬቱ ለኪ። እኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። ሠሪው ክንዶቹን አጋድሞ ስላቆማቸው ነው ያልታወቀው። ይህ አውሮፕላን ጭራውን ባነሣ ቅጽበት መሬቱን ያርሰዋል። ቦምቡስ ከየት ነው የሚወርደው? ሆዱ ላይ በር የለም፣ ክንፉ ሥርም ማንጠልጠያ የለም።

ዘመኑም አልገጠመም። ጭራው ላይ ነጭ መስቀል አለ። የጣሊያን አየር ኃይል ነጩን መስቀል ጭራው ላይ ያደረገው በ1940 እ.ኤ.አ. ነው። ደሴ ስትደበደብ፣ በ1935 እ.ኤ.አ. ማለት ነው፣ ጭራው ላይ የነበረው የአረንጓዴ፣ የነጭና የቀይ ቀለም መስመር ነው። መሐሉ ላይ የንጉሡ ቤተሰብ ጋሻ አለበት። ሌላም አለ። በዚያ ጦርነት ከደበደቡን ትልልቆቹ፣ ካፕሮኒ 101፣ ካፕሮኒ 133ና ሳቮያ ማርኬቲ 81፣ የአንዳቸውም ጎማ አይታጠፍም። እግራቸውን እንደዘረጉ ነው የሚበሩት። ሦስቱም ሦስት ሞተር ነው ያላቸው። የቴሌግራሙ ሁለት ሞተር ነው።

በመጨረሻ ዱካውን ፈልጊ። እውነተኛ አውሮፕላን ዱካ አለው። አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። «ፀሐይ» የሚባለውን ሰምተሻል። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሠርቶ በረረ። መሐንዲሱ ሉድቪግ ቬበር የሚባል ጀርመናዊ ነበር። ሰው ይህን ሲሰማ «በዚያ ዘመን? እዚህ?» ብሎ ይጠራጠራል። ግን ዱካ አለው። ጣሊያን ማርኮ ወሰደው፤ ቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የአየር ኃይል ሙዚየማቸው ለዓመታት ታየ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ለአገሩ ተመለሰ። እንጨቱም ብረቱም ዛሬ ይዳሰሳል። አሁን የቦሩ ሜዳውን ከዚህ ጋር አስተያዪው። በዚያ ሰሞን ጃንሆይ ደሴ ነበሩ። ካሜራ የያዙ የውጭ ጋዜጠኞችም ነበሩ። ጃንሆይ መትረየስ ይዘው የሚታዩበት ዝነኛው ፎቶ ከደሴ ነው። የጠላት ቦምብ ጣይ ከከተማው አፍንጫ ሥር፣ ቦሩ ሜዳ ላይ፣ ሳይሰበር ቢያርፍ ኖሮ እነዚያ ጋዜጠኞች ሩጠው ይሄዱ ነበር። ብዙ ፎቶ፣ ከብዙ አቅጣጫ ይኖረን ነበር። ላሜራውም በየቤቱ ዕቃ ሆኖ ይገኝ ነበር። ያለን ግን አንድ ፎቶ ነው፤ ከአንድ አቅጣጫ፣ ያለ አንሺ ስም።

በማሽን የሚፈጠሩ ምስሎች ስለመጡ በአንድ ቃል ልንካቸው። እነሱ ላይ ጎማና አሸዋ አትለኪ። ቁጥር ቁጠሪ። የአንዱ ፕሮፔለር ክንድ ሦስት፣ የሌላው አራት ይሆናል። ክንፉን የሚደግፈው ዘንግ ከምንም ሳይገናኝ ያልቃል። ጽሑፉም አንዳንዴ ፊደል መስሎ ፊደል አይሆንም።

አሁን ወደ ሌላው ስሕተት ልምጣ። ይህኛውን ይበልጥ እፈራዋለሁ። እውነተኛውን «ውሸት ነው» ማለት ነው።

ቅርጹ ስለገረመሽ ብቻ አንድን አውሮፕላን ፈጠራ ነው አትበዪ። በ1932 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ፣ በዚያው በካፕሮኒ ፋብሪካ፣ ስቲፓ ካፕሮኒ የሚባል አውሮፕላን ተሠርቶ በርሯል። አካሉ ከፊትም ከኋላም ክፍት የሆነ በርሜል ነው። ሞተሩና ፕሮፔለሩ በርሜሉ ውስጥ ናቸው። ከዚያ በፊት ካፕሮኒ 60 የሚባል ነበር፤ 9 ክንፍና 8 ሞተር ነበረው። 100 ሰው እንዲጭን ታስቦ ተሠራ፤ በ1921 እ.ኤ.አ. ማጆሬ ሐይቅ ላይ ተነሥቶ ወደቀ። ጀርመኖች ደግሞ ሞተሩ በአንድ ጎን፣ አብራሪው በሌላ ጎን የተቀመጠበት ብሎም ኡንት ፎስ 141 ሠርተው አብርረዋል። እነዚህን ያለ ስም ባሳይሽ ሁሉንም አሻንጉሊት ትያቸዋለሽ። ዱካቸው ግን የተሟላ ነው።

ይህን የተማርኩት ደስ በማይል መንገድ ነው። ልጅ ሆኜ ሸዋ በር አካባቢ አንዲት ጎረቤት ነበሩን። እማማ እንላቸዋለን። ደሴ ስትደበደብ ትንሽ ልጅ ነበሩ። ቡና ሲፈላ ያን ቀን ያወራሉ። «አንዱ አፍንጫው ላይ፣ ሁለቱ ክንፉ ላይ ይሽከረከር ነበር» ይላሉ። እኔ ያኔ ገና የአውሮፕላን ሙያ መማር የጀመርኩ ጎረምሳ ነኝ። ለእረፍት መጥቼ ሰው ፊት አረምኳቸው። «እማማ፣ የአውሮፕላን ሞተር ወይ ሁለት ነው ወይ አራት። ሦስት አይሆንም» አልኳቸው። ዝም አሉ። ቤት የነበረውም ሰው እኔን አመነ፤ የተማርኩት እኔ ነኛ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት አንድ መጽሐፍ ስገልጥ የካፕሮኒ 133ን ፎቶ አየሁ። አንዱ አፍንጫው ላይ። ሁለቱ ክንፉ ላይ። እንዳሉት ነበር። በሚቀጥለው እረፍት ሄጄ ጉልበታቸው ሥር ተቀምጬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «አብሽር ልጄ» አሉኝ። «እኔ እኮ ሲያወሩ ሰምቼ አይደለም። አይቼ ነው።»

ስለዚህ ተማሪዎችሽ በሦስቱ ሞተር ሲስቁ እኔን አየኋቸው። አትቆጪያቸው። ዛሬ የሚያዩት አውሮፕላን ሁለት ሞተር ነው፤ ኮምቦልቻ የሚያርፈውም እንደዚያው ነው። በዚያ ዘመን ግን የአንድ ሞተር ጉልበት ትንሽ ነበር። ሁለቱ ካልበቁ ሦስተኛውን አፍንጫው ላይ ይጨምሩታል። ጣሊያኖች ይህን አሠራር በጣም ይወዱት ነበር።

የአያትሽን ፎቶ በላክሽልኝ ልክ አጉልቼ አየሁት። ክብደት አለው። የግራው ጎማ ከታች ተኝቷል፤ አፈሩ ወደ ጎን ተገፍቷል። ከአፍንጫው ሞተር ሥር መሬቱ ላይ ጥቁር ነገር ፈሷል፤ ዘይት ነው። የጭራው ሸራ በአጥንቶቹ መካከል ወደ ውስጥ ገባ ገባ ብሏል፤ የከሳ በሬ ጎድን ይመስላል። ይህን በፕላስቲክ ላይ የሚያመጣው ሰው ብርቅ ነው። ጭራው ላይ ጥቁር፣ ነጭና ጥቁር የመሰሉ ሦስት መስመሮች አሉ፤ መስቀል የለም። በጥቁርና ነጭ ፎቶ አረንጓዴና ቀይ እንዲህ ነው የሚወጡት። ክንፉ ከአካሉ በላይ ነው፣ ጎማው አይታጠፍም። ሞተሮቹ ክዳን አላቸው፣ ጎማዎቹም ሽፋን ተደርጎላቸዋል። ካፕሮኒ 101 ላይ ክዳኑም ሽፋኑም የለም። 133 የእሱ ታናሽ ነው፤ ያሻሻሉትም በእነዚህ ነገሮች ነው። ስለዚህ ካፕሮኒ 133 ነው እላለሁ። ክንፉ በፎቶው ጠርዝ መቆረጡም አያስጠረጥርም። አንሺው ቆሞ ያነሣው ከሰዎቹ አጠገብ ስለሆነ አውሮፕላኑ አልበቃው ብሎ ነው። ሞዴል የሚያነሣ ሰው የደከመበትን ክንፍ አይቆርጥም።

አንድ ነገር ግን ጠብቂ። ፎቶው እውነተኛ ስለሆነ ብቻ «ደሴን የደበደበው ይህ ነው» ብለሽ አትጻፊ። ጣሊያን ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ደሴን ከያዘ በኋላ እስከ ሚያዝያ 1933 እዚህ ቆይቷል። ኮምቦልቻም የአውሮፕላን ማረፊያው ነበረች። ፎቶው በእነዚያ ዓመታት የተነሣ ሊሆን ይችላል። «የጣሊያን ካፕሮኒ 133 ቦምብ ጣይ፤ ከአንድ የደሴ ቤተሰብ የተገኘ ፎቶ» በዪ። ይህ ሐቅ ነው፤ ማንም አያፈርሰውም። ከጎኑ የጃንሆይን የደሴ ፎቶ ስቀዪ። የቴሌግራሙንም ከፈለግሽ ሌላ ግድግዳ ላይ፣ «ሞዴል ነው፤ ለምን?» ብለሽ ለልምምድ ስቀዪው። ልጆቹ ጎማውን ራሳቸው ያግኙት።

ዋናውን ፎቶ ግን ግድግዳ ላይ አታድርጊው። ፀሐይ ያጠፋዋል። ሙጫም ፕላስተርም አታስነኪው። ጭማዳውን በካውያ አቀናለሁ እንዳትዪ። ኮፒውን አሠርተሽ እሱን ስቀዪ፤ ዋናው በንጹሕ ፖስታ ውስጥ ይቀመጥ። ከዚያ በፊት ጀርባውን በቀን ብርሃን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። የፎቶ ቤት ማኅተም ወይም በእርሳስ የተጻፈ ነገር ካለው፣ ቦታውንና ዓመቱን አብረን እንፈልገዋለን።